ሊንከንና ኬኔዲዎች ባይገደሉ ኖሮ የአሜሪካ ፖለቲካ ምን ይመስል ነበር? ቀንና ቁጥር ይዛችሁ ኑ

በሥልጣን ላይ ሳሉ የተገደሉ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች አራት ናቸው፦ ሊንከን በ1865፣ ጋርፊልድ በ1881፣ ማኪንሊ በ1901፣ ጆን ኬኔዲ በ1963። ዘመኑን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በነዚህ ላይ ለፕሬዚዳንትነት ያሰቡትን ሴናተር ሂዩይ ሎንግንና ሮበርት ኬኔዲን፣ ሥልጣን ሳይዝ አገር ያንቀሳቀሰውን ማርቲን ሉተር ኪንግን ጨምሩ።

«ባይገደሉ ኖሮ» የሚለው ወግ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ሙሾ ይሆናል። ሟቹ ይወደሳል፣ ተተኪው ይረገማል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጥያቄው ግን ሊመዘን የሚችል ነው። ሰውየው ሲወድቅ ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ? ያ ተተኪ ብቻውን የወሰነው ነገር የትኛው ነው? ምክር ቤት ውስጥስ በስንት ድምፅ ያለፈ ወይም የወደቀ ነገር ይገለበጥ ነበር? በዚህ ሚዛን ከሁሉ የከበደው የሊንከን ሞት ነው እላለሁ። ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር 1865 ኮንግረስ ስላልተሰበሰበ ምክትሉ የነበረው አንድሩ ጆንሰን ስምንት ወር ያህል ሃይ ባይ ሳይኖረው በእርስ በርስ ጦርነቱ የተሸነፈውን ደቡብ እንደ ፈቀደ አደራጅቶታል። ከሁሉ የተጋነነው ደግሞ የሮበርት ኬኔዲ ነው። ይህን ብዬ ከፈትኩ፤ 28 መልስ መጣ። እንደ አመጣጣቸው እነሆ።

1ኛው መልስ በጨዋ ቃል ተስማማና ያልኩትን አሰፋው። ጆንሰን በሜይ 29 ቀን 1865 ባወጣው የምሕረት አዋጅ፣ ግብር የሚከፈልበት ከ20,000 ዶላር በላይ ንብረት ያላቸው የደቡብ ሰዎች በየግላቸው ምሕረት እንዲለምኑ አዝዞ ነበር፤ ሲለምኑት ግን በሺህ ለሚቆጠሩት ሰጠ። ወዲያው የድሮዎቹ ሰዎች ወደየምክር ቤታቸው ተመለሱ። በኖቬምበር ሚሲሲፒ የጥቁሮች ሕግ የተባለውን አወጣች፦ ጥቁር ሠራተኛ በየዓመቱ ጃንዋሪ የሥራ ማስረጃ ወረቀት ማሳየት አለበት፣ ከሌለው ሥራ ፈት ተብሎ ይቀጣል፣ መቀጮውን ካልከፈለ ለከፈለለት ሰው ይሠራል። መልስ ሰጪው ይህ ሁሉ ኮንግረስ በሩን ሳይከፍት መፈጸሙን ቀን በቀን ቆጥሮ አሳየ።

2ኛው ወደ መሬት ወሰደን። ጄኔራል ሸርማን በጃንዋሪ 16 ቀን 1865 ባወጣው 15ኛ የጦር ሜዳ ትእዛዝ፣ ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ያለው የባሕር ዳርቻ ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች፣ ለነፃ ወጪዎች፣ እንዲደለደልና ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር፣ በእኛ 16 ሄክታር ያህል፣ እንዲሰጥ አዘዘ። 40,000 ያህል ሰው ሰፈረ። የነፃ ወጪዎች ቢሮ ኃላፊ ጄኔራል ሃዋርድ ድልድሉን የሚያጸና መመሪያ በጁላይ ቢያወጣም፣ ጆንሰን በሴፕቴምበር በሌላ መመሪያ አስተካው፤ መሬቱም ምሕረት ላገኙት ለቀድሞ ባለቤቶች እንዲመለስ ሆነ። «መሬት ላራሹ» በደቡብ ካሮላይና ዳርቻ ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላው ተቀለበሰ ማለት ነው። ሊንከን ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር ሲል ደመደመ።

3ኛው መልስ ለዚህ ድምዳሜ ርኅራኄ አልነበረውም። ሸርማን የሰጠው የይዞታ ወረቀት እንጂ የባለቤትነት ርስት አልነበረም። ከዚያም አልፎ በ1862 የወጣው የውርስ ሕግ የዓመፀኛውን መሬት ከራሱ ዕድሜ በላይ እንዳይነጥቅ የተገደበው ሊንከን ራሱ አልፈርምም ብሎ ስላስገደደ ነው። ስለዚህ በመሬት ጉዳይ ሊንከንን ነፃ አውጪ ማድረግ ወረቀቱን አለማንበብ ነው አለ። የሊንከን ልዩነት በድምፅ መስጠት ላይ ነበር፦ በኤፕሪል 11 ቀን 1865፣ ከመገደሉ ሦስት ቀን በፊት፣ ከዋይት ሐውስ መስኮት ባደረገው ንግግር የተማሩና በጦሩ ያገለገሉ ጥቁሮች እንዲመርጡ እንደሚሻ በአደባባይ ተናገረ። ገዳዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ይህን ሰምቷል።

4ኛው መልስ ከጠበቅሁት ሁሉ የራቀና ስለ ሊንከን ያልኩትን ከሁሉ በላይ የፈተነ ነው። ጸሐፊው እንዲህ አስረዳ። ሊንከን በ1863 ዲሴምበር ካወጀው፣ ከመራጩ አሥር በመቶው ታማኝነቱን ከማለ ክፍለ ግዛቱ መንግሥቱን ያቁም ከሚለው የአሥር በመቶ ዕቅድ ጀምሮ ለደቡብ የላላ ነበር። ኮንግረስ ከነጭ መራጮች አብዛኛው ታማኝነቱን ካልማለ ክፍለ ግዛት አይመለስም የሚል ሕግ በ1864 ሲያወጣ ሳይፈርም በኪሱ አስቀረው። ከፓርቲው ጋር መጋጨትን ግን ስለማይወድ በማርች 1865 የነፃ ወጪዎችን ቢሮ ሕግ ፈርሟል። ቢኖር ኖሮ በ1866 ጆንሰን የሻራቸውን የቢሮውን ማራዘሚያና የዜግነት መብት ሕጉን ፈርሞ ያሳልፍ ነበር። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። አክራሪ ሪፐብሊካኖች የዜግነትን መብት በ14ኛው ማሻሻያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለመቅበር የተጣደፉት፣ ጆንሰን ተራ ሕግን እንዴት እንደሚሽር አይተው ነው። ፈራሚ ፕሬዚዳንት ቢኖራቸው በተራ ሕግ ይረኩ ነበር። ተራ ሕግ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው ታይቷል፤ የ1875ቱን የዜግነት መብት ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1883 ሽሮታል። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ጥቁሮች፣ ስደተኞችና ሠራተኞች ፍርድ ቤት የተከራከሩበት አንቀጽ ላይኖር ይችል ነበር።

5ኛው መልስ ተቆጣ። የጆንሰንን ክፋት በረከት አስመስሎ ማቅረብ፣ በ1866 በሜምፊስና በኒው ኦርሊንስ የተጨፈጨፉትን መርሳት ነው አለ። ንዴቱ ይገባኛል፤ ግን 4ኛውን አላፈረሰም። 6ኛው የ4ኛው ጸሐፊ ራሱ ነበር፤ ምክንያትንና ውዳሴን እንዳናምታታ ለምኖ፣ ጆንሰን በ1868 በሴኔት ሲዳኝ 35 ለ19 ሆኖ በአንድ ድምፅ ጉድለት ብቻ ከመውረድ መትረፉን አስታወሰ። ያ አንድ ድምፅ ሌላ ክር ይወጣዋል።

7ኛው ስለ ጋርፊልድ ባጭሩ ጻፈ። በማርች 4 ሥልጣን ያዘ፣ በጁላይ 2 ሹመት የተከለከለው ቻርልስ ጊቶ ተኮሰበት፣ በሴፕቴምበር 19 ሞተ። በሹመት አሰጣጥ ላይ ከኒው ዮርኩ ሴናተር ኮንክሊንግ ጋር ገጥሞ ያሸነፈው ገና በሕይወት ሳለ ነው፤ ኮንክሊንግ በሜይ ከሴኔት ለቋል። ስለዚህ ቢኖር በፈተና የሚገባበትን የመንግሥት ሥራ ያስጀምር ነበር የሚል ነው። 8ኛው አልተቀበለውም። የፔንድልተን ሕግ በጃንዋሪ 1883 የተፈረመው ሟቹ የሹመት ልመና ሰማዕት ስለሆነና ፓርቲው በ1882 ምርጫ ስለተመታ ነው፤ ሕጉም ሲጀመር የሸፈነው ከመንግሥት ሥራ አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነበር። ይኸው ጸሐፊ ሕክምናውንም ጨመረ፦ ጥይቱ የደም ሥሩንና የጀርባ ሕብለ ሰረሰሩን ስቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣትና መሣሪያ ቁስሉን ደጋግመው ጎረጎሩት፤ የሊስተር የቁስል ማጽጃ ዘዴ ከታተመ 14 ዓመት አልፎታል። ጋርፊልድን ማዳን በዚያን ዘመን እውቀት የሚቻል ነበር። ይህን የመሰለ «ቢሆን ኖሮ» ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

9ኛው ማኪንሊን አነሳ፤ ብዙ አልቆየንበትም። ዋናው ነጥብ የመጀመሪያው ምክትሉ ጋሬት ሆባርት በኖቬምበር 1899 ባይሞት ኖሮ ቴዎዶር ሩዝቬልት ምክትልነቱን ላያገኝ ይችል እንደነበር ነው። ማኪንሊ ቢተርፍ በ1902 የሰሜኑን የባቡር ኩባንያዎች ጥምረት የሚከስ ፕሬዚዳንት አይኖርም ነበር፤ መንግሥት ያን ክስ በ1904 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የረታው 5 ለ4 ነበር።

10ኛው መልስ ያልተሳካ ግድያ አመጣ፦ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1933 በማያሚ ጁሴፔ ዛንጋራ በተመራጩ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ላይ ተኩሶ የቺካጎን ከንቲባ ሰርማክን መታ። ሩዝቬልት ቢሞት አገሪቱ መሪ አልባ ትቀር ነበር አለ። 11ኛው ፈጥኖ አረመው። 20ኛው ማሻሻያ በጃንዋሪ 23 ቀን 1933 ጸድቋል፤ 3ኛው አንቀጹ ተመራጩ ፕሬዚዳንት ከሞተ ተመራጩ ምክትል ቦታውን እንደሚይዝ ይናገራል። እስከ ኦክቶበር እንዲቆዩ የተባሉት 1ኛና 2ኛ አንቀጾች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቴክሳሳዊው ጆን ናንስ ጋርነር በማርች 4 ይምል ነበር። ልዩነቱ 23 ቀን! 12ኛው ሂዩይ ሎንግ በሴፕቴምበር 1935 ባይገደል የሩዝቬልትን ድምፅ ቀምቶ ሪፐብሊካኖችን ያነግሥ ነበር የሚለውን ግምት በአንድ ቁጥር ዘጋው፦ በ1936 ሩዝቬልት በኢሌክቶራል ድምፅ፣ ማለትም ክፍለ ግዛቶች በሚልኳቸው መራጮች ድምፅ፣ 523 ለ8 አሸንፏል። ሎንግ ደቡቡን ሁሉ ቢወስድ እንኳ ሩዝቬልት ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው 270 በብዙ ይበልጥ ነበር አለ። በዚህ ላይ አንድ እርማት ማስገባት ነበረብኝ፤ በዚያን ዘመን የኢሌክቶራል ድምፁ 531፣ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 266 ነበር።

ከ13ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ጆን ኬኔዲ ዞረ፤ እዚያም ቆየ። 13ኛው የ1964ቱን የዜግነት መብት ሕግ ሂደት ደረጃ በደረጃ ዘረዘረ። ሕጉ ኬኔዲ ከመገደሉ ሁለት ቀን በፊት፣ በኖቬምበር 20 ቀን 1963፣ ከፍትሕ ኮሚቴው ወጥቶ ነበር። ቀጥሎ ያለው በር የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ነው፤ ሊቀ መንበሩ የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ ቁልፉን በኪሱ ይዟል። ይህን በር ለመዝለል የ218 አባላት ፊርማ ያስፈልጋል። ከዚያ ሴኔት ውስጥ ፊሊበስተር፣ ማለትም ሕግን በማያልቅ ንግግር ማገድ፣ አለ፤ ክርክሩን ለመዝጋት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በጁን 10 ቀን 1964 71 ለ29 ተዘጋ፤ ከ71ዱ 44ቱ ዴሞክራት፣ 27ቱ ሪፐብሊካን ነበሩ። ሪፐብሊካኑ መሪ ዲርክሰን ካልመጣ 67 አይሞላም። ጸሐፊው ኬኔዲም ቢኖር ዲርክሰን ይመጣ ነበር፣ ነገር ግን ከምርጫው በኋላ በ1965 ነበር ይላል።

14ኛው አንድ ያልተነሳ ዕቃ ከሥር አወጣ፤ እሱም በጀቱ ነው። የኬኔዲ የግብር ቅነሳ ሕግ በሴናተር ሃሪ ቢርድ የፋይናንስ ኮሚቴ ተይዞ ነበር፤ ቢርድ በጀቱ ከ100 ቢሊዮን ዶላር ካልወረደ አለቅም ብሏል። የኬኔዲ ተተኪ ሊንደን ጆንሰን በጀቱን ወደ 97.9 ቢሊዮን ቀነሰውና ቢርድ ለቀቀ፤ የግብር ሕጉ በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1964 ተፈረመ። ይህ የሆነው በዜግነት መብት ሕጉ ላይ የሴኔት ክርክር ሳይጀመር ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የደቡብ ሴናተሮች የግብር ሕጉን መያዣ አድርገው በፊሊበስተር ላይ ይደራደሩበት ነበር። ሕጉ ለምን እንዳለፈ ሲነገር ይህ የበጀት ጉዳይ መዘለሉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ 14ኛውን ያመሰገንኩት ለዚህ ነው።

15ኛው ቬትናምን አመጣ፤ ሙቀቱም ከፍ አለ። ኬኔዲ በኦክቶበር 11 ቀን 1963 ባጸደቀው 263ኛ የብሔራዊ ደኅንነት ማስታወሻ 1,000 ሰው በዓመቱ መጨረሻ እንዲወጣ ተወስኖ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት አማካሪዎች 16,000 ያህል ናቸው፤ በ1968 ቁጥሩ ከ500,000 በላይ ሆኗል። ስለዚህ ጦርነቱ አይኖርም ነበር አለ። 16ኛው በሹል ቃል መለሰ። ያው ኬኔዲ በሴፕቴምበር በቴሌቪዥን ቀርቦ መውጣት ትልቅ ስሕተት እንደሚሆን ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ የ1,000ው መውጣት ጦርነቱ በመልካም ይሄዳል ከሚል ዘገባ ጋር የተያያዘ ነው፤ በኖቬምበር መጀመሪያ የደቡብ ቬትናሙ መሪ ዚየም ሲገደል ዘገባው ሁሉ ከንቱ ሆኗል። ሰነዱን በግማሽ የሚያነብ ሰው ታሪክ አይጽፍ እስከማለት ደረሰ። ቃሉ ከበደ፤ በነገሩ ግን ከ15ኛው ይልቅ ለእሱ አዳላለሁ። የሚቀረው ጥያቄ በማርች 1965 እግረኛ ጦር ዳ ናንግ የሚያወርደውን ትእዛዝ ኬኔዲ ይሰጥ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ማስታወሻ 263 ይህን አይመልስም።

17ኛው ከመስመር ወጣ፤ ደስ በሚል መንገድ። ኬኔዲ የተገደለው በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው አለና፣ ጃንሆይ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ዋሽንግተን ተጋብዘው ሄደው እንደነበር፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመልሰው ከዴጎል ጋር አስከሬኑን ተከትለው በእግር መሄዳቸውን ጻፈ። ኬኔዲ ቢኖር ንጉሠ ነገሥቱም አይወርዱም ነበር የሚል ጨመረበት። 18ኛው ሁለቱንም አረመ። 1955 ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ስለነበር ኖቬምበር 22 የሚውለው ኅዳር 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን። ዳላስ ላይ ከቀኑ 6፡30 የተተኮሰው ጥይት አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3፡30 ነው፤ የቆሻሻው ጭስ ገና ከየሰፈሩ አልጠፋም ነበር። የ1966ቱን አብዮት በተመለከተ የወሎ ረሀብ፣ የነዳጅ ዋጋና የጦሩ ዓመፅ በዋይት ሐውስ ውስጥ በተቀመጠ ሰው አይቆሙም ሲል ዘጋው።

19ኛው ግን ከአሜሪካ ፖለቲካ ሳይወጣ እኛን በቀጥታ የሚነካውን አነሳ፤ የስደት ሕጉን። በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ኬኔዲ በጁላይ 23 ቀን 1963 ይህን የዘር ኮታ የሚያስቀር ሐሳብ ለኮንግረስ ላከ። ሕጉ የተፈረመው በኦክቶበር 3 ቀን 1965 በሊንደን ጆንሰን እጅ ነው። ኬኔዲ ቢኖር ያልፍ ነበር ወይ? ጸሐፊው ያን ያህል አልተማመነም። በ1964 ጆንሰን ጎልድዋተርን 486 ለ52 ሲያሸንፍ 295 ዴሞክራቶች የተወካዮች ምክር ቤት ገቡ፤ የሕጉ መንገድ የተጠረገው በዚያ ምክር ቤት ነው። ያን ማዕበል ያስነሳው ደግሞ በከፊል የኬኔዲ ሞት ነው።

20ኛው ዝርዝሩን አጠበቀ። የንዑስ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የኦሃዮው ማይክል ፌን ሕጉን አፍኖ ይዞ ነበር። ሲለቅ ዋጋ አስከፈለ፦ የኬኔዲ ሐሳብ ለሙያ ግማሹን ቦታ ሲሰጥ፣ በፌን እጅ ወደ ሦስት አራተኛው የሚሆነው ለቤተሰብ ሄደ። ፌን ይህን ያደረገው ነባሮቹ አውሮፓውያን ዘመዶቻቸውን እንዲያመጡ አስቦ ነበር። ውጤቱ ግን አንድ ሰው የገባበት ቤተሰብ ሁሉ ወንድም እህቱን ማምጣት መቻሉ ነው። በ1980 የስደተኞች ሕግና ከ1990ው ሕግ በወጣው ዲቪ የገቡ ኢትዮጵያውያንም ቤተሰብ ያሰባሰቡት በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። ኬኔዲ ቢኖርና የራሱ ቅጂ ቢያልፍ በመጀመሪያ ነርስና መሐንዲስ ይገባ ነበር፤ አክስትና አጎት ግን ገና ሰልፍ ላይ ይሆኑ ነበር። ይህ መልስ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ አልቆጠርኩም።

21ኛው ማርቲን ሉተር ኪንግ ለምን እንደተዘነጋ ጠየቀ፤ ትክክል ነው። የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በማርች 1968 ከሴኔት ወጥቶ በተወካዮች ምክር ቤት ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ቆሞ ነበር። ኪንግ በኤፕሪል 4 ተገደለ፣ ሕጉ በኤፕሪል 10 አለፈ፣ በ11 ተፈረመ። ኪንግ ቢኖር ይህ ሕግ በዚያ ሳምንት አያልፍም ነበር የሚል መራራ ሐሳብ ነው።

ከዚህ በኋላ ሮበርት ኬኔዲ መጣ፤ እዚህ ላይ ጠብ ቀረሽ ሆንን። 22ኛው፣ ሮበርት ኬኔዲ በጁን 1968 ካሊፎርኒያን 46 ለ42 በመቶ አሸንፎ ሲገደል የዴሞክራቶች ዕጩነት እጁ የገባ ያህል ነበር አለና እኔን ከሕዝቡ ስሜት የራቀ ብሎ ወቀሰ። 23ኛው ቁጥሩን ዘረገፈው። በዚያች ሌሊት የልዑካኑ ቆጠራ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሃምፍሪ 561፣ ኬኔዲ 393፣ ሴናተር መካርቲ 258 ያህል ነበር፤ ለማሸነፍ 1,312 ያስፈልጋል። ፕራይመሪ፣ ማለትም ሕዝቡ የፓርቲውን ዕጩ የሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ፣ የተደረገባቸው ክፍለ ግዛቶች ጥቂት ናቸው፤ ሃምፍሪ በአንዱም አልተወዳደረም። የቀሩትን ልዑካን የያዙት ገዥዎች፣ ከንቲባዎችና የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ናቸው። የጉባኤው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ የሚያሳይ መለኪያም አለን፦ በኦገስት በቺካጎ ጦርነቱን ለማቆም የቀረበው የአቋም መግለጫ 1,041 ያህል ድምፅ አግኝቶ በ1,567 ወደቀ። ኬኔዲ ይህን ሁሉ ተቃዋሚ አንድ አድርጎ ቢይዝ እንኳ 271 ይጎድለዋል። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው የቺካጎው ከንቲባ ዴሊ መንገድ ከቀየረ ብቻ ነው።

24ኛው ሁለታችንንም አስተካከለ፤ ዕጩነት አንድ ነገር ነው፣ ኖቬምበር ሌላ። ኒክሰን ያሸነፈው በ301 ኢሌክቶራል ድምፅ ነው፤ ሃምፍሪ 191፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ዋላስ 46። ካሊፎርኒያ 40 ነበራት፤ ኒክሰን የወሰዳት በ3 በመቶ ያህል ብልጫ ነው። በሕይወት ያለ ሮበርት ኬኔዲ ከሃምፍሪ ጎን ቆሞ ካሊፎርኒያን ቢገለብጥ ኒክሰን 261 ይቀረዋል፤ ያኔ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ግን ማንም ጋ የለም። ምርጫው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል፣ እዚያ አንድ ክፍለ ግዛት አንድ ድምፅ አለው፣ 26 ያስፈልጋል፤ ወረዳቸው ለዋላስ የመረጠባቸው የደቡብ ዴሞክራቶች ሚዛኑን ይይዛሉ። በዚህ ስሌት «የተጋነነ» ያልኩትን አለሰለስኩት። ኬኔዲ ዕጩ ሳይሆንም ምርጫውን ሊገለብጥ ይችል ነበር።

25ኛው የፍርድ ቤቱን ሰንሰለት ዘረጋ፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህ ነው። ጆን ኬኔዲ በ1962 አርተር ጎልድበርግን ሾመ። በጁላይ 1965 የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደሩ ስቲቨንሰን ሲሞት ሊንደን ጆንሰን ጎልድበርግን ከችሎት አስነስቶ ወደ ኒው ዮርክ ላከና ቦታውን ለወዳጁ ለኤብ ፎርታስ ሰጠ። ፎርታስ በ1968 ለዋና ዳኝነት ታጭቶ ወደቀ፣ በሜይ 1969 በገንዘብ ጉዳይ ለቀቀ፣ ኒክሰን በቦታው ብላክመንን ሾመ። ኬኔዲ ቢኖር ፎርታስ የሚባል ዳኛ የለም። ግን ሰንሰለቱ በሌላው ጫፍም ይጎትታል፦ ቱርጉድ ማርሻል በ1967 የገባው ዳኛ ቶም ክላርክ ልጁ ራምዚ የፍትሕ ሚኒስትር በመሆኑ ስለለቀቀ ነው። ኬኔዲ ቢኖር ራምዚ ሚኒስትር ላይሆን ይችል ነበር፤ አባቱም አይነሳም። በ1973 የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የገንዘብ ክፍፍል ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲባል፣ በ1974 ደግሞ የዲትሮይት ከተማና የዳር ሰፈሮቿ ትምህርት ቤቶች አይቀላቀሉም ሲባል፣ ሁለቱም 5 ለ4 ነበሩ፤ በሁለቱም አራቱ የኒክሰን ተሿሚዎች ከአሸናፊዎቹ ጋር፣ ማርሻል ከተሸናፊዎቹ ጋር ነበር። አንዱን ሕይወት መልስ፣ የትኛው ወንበር እንደሚጎድል ቁጠር አለን።

26ኛው በዚሁ መንፈስ 25ኛውን ማሻሻያ ያዘ። ከኖቬምበር 22 ቀን 1963 እስከ ጃንዋሪ 20 ቀን 1965 ድረስ አሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አልነበራትም፤ ከጆንሰን ቀጥሎ ተራው የ71 ዓመቱ አፈ ጉባኤ ማኮርማክ፣ ከእሱ ቀጥሎ የ86 ዓመቱ ሴናተር ሄይደን ነበር። ይህ ፍርሃት በ1967 የጸደቀውን፣ የምክትሉ ቦታ ሲጎድል ፕሬዚዳንቱ በኮንግረስ ይሁንታ አዲስ እንዲሾም የሚፈቅደውን ማሻሻያ ወለደ። ማሻሻያው ባይኖር ምክትሉ አግነው በኦክቶበር 1973 ሲለቅ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ኒክሰን በኦገስት 1974 ሲወርድ ዴሞክራቱ አፈ ጉባኤ ካርል አልበርት ፕሬዚዳንት ይሆናል። 27ኛው በአንድ መስመር ገላመጠው፦ ኬኔዲን ካተረፍክ በ1973 ኒክሰንን እዚያ ማስቀመጥ አትችልም። ትክክል ነው፤ ሆኖም 26ኛው ያሳየው የማሻሻያውን ክብደት ነው፣ ለዚህም የኒክሰን ምሳሌ ይበቃል።

28ኛው ወደ መጀመሪያው መለሰን። ሊንከን ይኑር አይኑር ከማለት በፊት በጁን 1864 ባልቲሞር ላይ የተደረገውን ጉባኤ እንድናይ ጠየቀ። የነበረው ምክትል የሜይኑ ሃኒባል ሃምሊን ነው። ፓርቲው ጦርነቱን የደገፉትን ዴሞክራቶች ለመሳብ የቴነሲውን ጆንሰንን አመጣ። በመጀመሪያው ቆጠራ ጆንሰን 200፣ ሃምሊን 150፣ የኒው ዮርኩ ዲኪንሰን 108 አገኙ፤ ወዲያው ልዑካኑ ድምፃቸውን ቀይረው ወደ ጆንሰን ጎረፉ። ሃምሊን በኋላ የቦስተን ወደብ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ሳለ በ1866 የጆንሰንን የደቡብ ፖሊሲ በመቃወም ሥራውን ለቋል። ይኸው ሰው በኤፕሪል 15 ቀን 1865 ጠዋት ቢምል፣ የሸርማን መሬት፣ የሚሲሲፒ ሕግና በ4ኛው መልስ የተነሳው ማሻሻያ ምን ይሆኑ ነበር? ቡዝ ተኩሷል፣ ሊንከን ሞቷል፣ የተቀየረው የባልቲሞር 50 ድምፅ ብቻ ነው። እስካሁን የመለሰለት የለም።